መስኮቱን ዝጉት፦ የባድሜንተን ተጫዋቿ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ከቤተሰብ እስከ ዳኛ፣ ከሰፈር ልጅ እስከ ፌዴሬሽን ሊቀመንበር ሁሉም ሰው "እትዬ" ብሎ ይጠራቸው የነበሩት የባድሜንተን ተጫዋችና አሠልጣኝ፣ ከአዳራሽ ጠባቂው አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተሯ እናታቸው በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጡት ታናሽ እህታቸው ሚጡ የመጨረሻ ናቸው። በሁለቱ መካከል ሌላ ልጅ አልተወለደም። ይህም ወደ ፊት እንደምንሰማው አስታራቂ አሳጥቷቸዋል።

የተወለዱበት ቤት ከከተማው የስፖርት አዳራሽ ጀርባ የተለጠፈ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አዳራሹ በስም የስፖርት ይሁን እንጂ በግብሩ የስብሰባ ነበር። አባት ስብሰባ ሲያልቅ ወንበሮቹን አጣጥፈው ግድግዳ ያስደግፋሉ፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ቀጣዩ ስብሰባ እስኪጠራ ድረስ ወለሉን ይወርሱታል። ተናጋሪ ሲበዛ ልምምድ ይሰረዛል። እትዬ ንግግር የሚያስረዝም ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልወደዱት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህንን ጽሑፍ ያሳጠርነውም እሳቸውን ፈርተን ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ የባድሜንተን ኳስ ኳስ አይደለችም። በትንሽ ቡሽ ዙሪያ የዝይ ላባ የተሰካባት፣ እፍ ቢሏት የምትሄድ ነገር ናት። ተጫዋቾች "ላባ" ይሏታል። በመስኮት ሽው ያለ ነፋስ መንገዷን ያስታታል። ስለዚህ እትዬ ራኬት ከጨበጡበት ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት መስኮት መክፈት ነውር ሆነ። እንግዳ በር ላይ የሚቀበለው ቃል "ግቡ" ሳይሆን "ዝጉት" ነበር። ሰፈሩም "መስኮት ዝጉ" የሚል ስም አወጣላቸው። አዲስ ጎረቤት በዚያ ሙቀት መስኮቱ ተጠርቅሞ ሲያይ፣ "ምነው፣ የታመመ ሰው አለ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። አባትም፣ "አዎ፣ ሁለት ልጆች ላባ ይዟቸዋል" ብለው ይመልሱ ነበር።

ለትምህርት ሲደርሱ በ1955 ዓ.ም. በአቅራቢያቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። መምህራቸው ግን፣ "ይቺ ልጅ መስኮት ዳር የምትቀመጠው እንደሌላው ውጭ ውጭ ለማየት አይደለም፤ ሌላው እንዳይከፍተው ለመጠበቅ ነው" ሲሉ ለወላጆቻቸው ተናግረዋል።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰኑት ግን የስፖርት መምህሩ ጋሽ ፊሽካ ናቸው። ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን ከአፋቸው የሚያወጡት ለምግብ ብቻ ነበር። እትዬንና ሚጡን አንድ ላይ አሰልፈው በጥንድ ጨዋታ ያሳደጓቸው፣ ለሁለቱም አንዲት ሕግ ያወጡላቸው እሳቸው ናቸው። "መሬት የነካች ላባ ባለቤት የላትም" ይሉ ነበር። "ማንም ትሳታት፣ የሁለታችሁ ናት። ነጥብ ባመለጠ ቁጥር ራኬታችሁን ታነካካላችሁ፣ ወደ ቦታችሁ ትመለሳላችሁ። አንዷ ሌላዋን 'አንቺ ነሽ' ያለች ዕለት ጥንዱ ፈረሰ፤ እኔም አላውቃችሁም።" በዚህ ሕግ ስንትና ስንት ጥንድ አፍርሰዋል። የራሳቸውን ወንድሞች ሳይቀር አጣምረው በአንድ ከሰዓት አለያይተዋል። እህትማማቾቹ ግን ራኬታቸውን እያነካኩ አደጉ።

እትዬ በ1966 ዓ.ም. በፈትል ፋብሪካ ተቀጠሩ። በደመወዝ መክፈያው ላይ የሥራ መደባቸው "ጥራት ተቆጣጣሪ" ይላል። የፋብሪካውን ክር ጥራት ተቆጣጥረው አያውቁም፤ የሚያውቁት የፋብሪካውን ቡድን ማሊያ ለብሰው ማሸነፍን ነው። ባለሙያ ተጫዋች የሚባል ነገር ገና በማይታወቅበት ዘመን የመጀመሪያዋ ባለሙያ ተጫዋች የሆኑት በዚህ ዓይነት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሚጡ ጋር የአገሪቱን የጥንድ ዋንጫ እየደጋገሙ ወሰዱ። ዋንጫው ቢሮ ውስጥ ማስቀመጫ ስላጣ ሥራ አስኪያጁ በር መደገፊያ አድርገውት እንደነበር የፋብሪካው ሰዎች ይመሰክራሉ።

በ1970 ዓ.ም. የአዳራሹን የተሰበረ መስታወት ሊቀይሩ ከመጡ መስታወት ገጣሚ ጋር ተዋወቁ። እኚህ ሰው መስኮቶቹን በሙሉ እየዞሩ በስቱኮ ደፍነው፣ "አሁን ትንፋሽም አያልፍ" አሏቸው። እትዬ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምተው አያውቁም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ተጋቡ። ከሠርጉ በፊት የሙሽራው እናት፣ "ልጄ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?" ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

"ባድሜንተን እጫወታለሁ፣ እማማ።"

"እሱስ ይሁን። ተጫውተሽ ስትጨርሺ ግን ምን ትሠሪያለሽ?"

"አርፋለሁ።"

በዚህ መልስ አማትና ምራት ተግባብተው ኖሩ። በ1972 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች።

በ1975 ዓ.ም. ሁለቱ እህትማማቾች በባሕር ማዶ ክለብ ተቀጥረው ሄዱ። ባድሜንተን ተጫውቶ በውጭ አገር ደመወዝ የበላ ከዚህ አገር ከእነሱ በፊት አልነበረም። ለአንድ ክረምት የሄዱ መስሏቸው ዘጠኝ የውድድር ዘመን ተመላለሱ። የሚኖሩት ሁለት አልጋ ብቻ በምትይዝ ክፍል ውስጥ ነበር። እትዬ ከኋላ ሆነው ላባዋን ከላይ ወደ ታች ሲመቷት ድምፁ በር የተወረወረ ይመስላል፤ ሚጡ ከፊት መረቡ ሥር ሆነው የተረፈውን ይለቅማሉ። የባሕር ማዶ ጋዜጦች "አንድ ሰው በአራት እጅ" ብለው የጻፉላቸው በዚያ ዘመን ነው።

አሁን ሁላችሁም ወደምታውቁት ወደ 1977 ዓ.ም. የአህጉር ዋንጫ ፍጻሜ እንመጣለን። የምታውቁት ግን ትክክል አይደለም፤ ስለዚህ በጥሞና እንድትሰሙን እንለምናለን።

ሦስተኛው ዙር ነበር። ተጋጣሚዎቻቸው ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርቷቸዋል። ላባዋ ከመረቡ ማዶ ወደ ላይ ተነሥታ ሚጡ ወደ ቆሙበት ጎን፣ ወደ ኋለኛው ጥግ ወረደች። ሚጡ ወደ ኋላ ሸሹ። በዚህ ጊዜ እትዬ "ተያት!" ብለው ጮኹ። በጥንድ ጨዋታ ይህ ቃል "ወደ ውጭ ልትወድቅ ነው፣ አትንኪያት" ማለት ነው። ሚጡ ሳይነኳት ቀሩ። ላባዋ ወደቀች። የመስመር ዳኛው እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ "ውስጥ ናት" አለ። ዋንጫው ሄደ።

ሁለቱ እህትማማቾች ራኬታቸውን ሳያነካኩ ከሜዳ ወጡ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሚጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ፎጣ ፊታቸው ላይ እንዳለ፣ "ተያት ያልሽው አንቺ ነሽ" አሉ።

በአሠልጣኝነት አብረዋቸው የተጓዙት ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። የምግብ ሰዓት አልነበረም። ሕጉ ሕግ ነውና ጥንዱን ሊያፈርሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ቀደሟቸው። "እውነቷን ነው ጋሼ። እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ውጭ ለቆሙት ጋዜጠኞችም ይህንኑ ደገሙ። ጋሽ ፊሽካ ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና ፊሽካቸውን መልሰው አስገቡ። ጥንዱ ከመፍረስ ዳነ።

ከዚያ በኋላ እትዬ የት ሄደው ሰላም አገኙ? አውቶቡስ ሲሳፈሩ ከኋላ ወንበር "ተያት!" ይባላል። ዳቦ ሲገዙ ሰልፍ ላይ "ተያት!" ይባላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ መንገዳቸውን አሳብረው በእትዬ በር በኩል ያልፉ ነበር፤ ለሌላ ጉዳይ አልነበረም። ዛሬ እዚህ ክራቫት አስራችሁ፣ ነጠላ ዘቅዝቃችሁ ከቆማችሁት መካከልም በልጅነቱ ያልጮኸ መኖሩን እንጠራጠራለን። እትዬ ለአንዱም መልስ አልሰጡም። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ የወደቀን አንድ ልጅ ብቻ አንሥተው፣ ጉልበቱን አጥበው፣ "እኔን ተያት ስትል ራስህን ለቀቅህ" ብለው ሸኝተውታል። ያ ልጅ ዛሬ የፌዴሬሽኑ ጸሐፊ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሚጡ ዝምታ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከሜዳ ውጭ ቃል አልተለዋወጡም። ማን ቀድሞ እንዳኮረፈ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሊያጣራ ቢሞክርም አልቻለም። በዚያች ሁለት አልጋ በምትይዝ ክፍል ውስጥ እየኖሩ፣ "ለእህትሽ ንገሪልኝ፣ ካልሲዋን ከአልጋዬ ላይ ታንሣ" የሚባለው ለቤት አከራይዋ ነበር። አከራይዋ ቋንቋውን ስለማታውቅ ፈገግ ትላለች። ካልሲው ግን ይነሣል።

የከተማውን ሰው ሁሉ በስልክ ሲያገናኙ የኖሩት እናታቸው ሁለት ልጆቻቸውን ማገናኘት ሲያቅታቸው ጊዜ፣ አንድ ዕረፍት ላይ ልጆቹ በየቤታቸው ሳሉ፣ ለሁለቱም ደውለው "አንድ ሰው ይፈልግሻል፣ ጠብቂ" ካሉ በኋላ መስመሩን አጋጠሙት። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ እህትማማቾች እርስ በርስ ሲተነፍሱ ተደማመጡ። ትንፋሽ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ለሮጠ ሰው ከስም በላይ ነው። በመጨረሻ እትዬ፣ "የተሳሳተ ቁጥር ነው" ብለው ዘጉት። እናት እስኪያርፉ ድረስ፣ "ሺህ ሰው ሳገናኝ የከሸፈብኝ ያ ብቻ ነው" ይሉ ነበር።

ሜዳ ላይ ግን ሌላ ነበር። ሜዳ ላይ ካልተነጋገሩ መጫወት አይቻልም። "የኔ!" "ያንቺ!" "ተያት!" ማለት ግድ ነው። ውሎ ሲያድር፣ በሜዳ ላይ የተነገረ ቃል እንደ ንግግር እንደማይቆጠር ሁለቱም ሳይዋዋሉ ተዋዋሉ። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ ወሬ በሙሉ በጨዋታ መሐል ይገባ ጀመር። "የኔ! አባባ ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ያንቺ!" ይባላል። "ያንቺ! ጫማዬን ማን ወሰደው? የኔ!" ይባላል። ዳኛው ወሬ አበዛችሁ ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ተመልካቹ ረቂቅ የአጨዋወት ስልት ይመስለው ነበር፤ አንድ የተቃራኒ ቡድን አሠልጣኝ ቃላቱን እየጻፈ ምስጢሩን ለመፍታት ሁለት ዓመት ደክሟል። ነጥብ ሲያመልጥም ሕጉን አልረሱም፤ ራኬታቸውን ያነካካሉ። ያላነካኩት ለ1977ቷ ላባ ብቻ ነበር።

በዚህ ሁኔታ በ1981 ዓ.ም. ያንኑ የአህጉር ዋንጫ አሸነፉ። በፎቶው ላይ እትዬ አንዱን እጀታ፣ ሚጡ ሌላውን እጀታ ይዘው ወደየአቅጣጫቸው ያያሉ። የአገሪቱ ሰንደቅ በባድሜንተን አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰቀለው ያን ዕለት ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ሳይውለበለብ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። እትዬ ይህን ሲያስታውሱ፣ "ደስ ሲል" ይሉ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. በአንድ የክለብ ግጥሚያ ላይ ሚጡ፣ "የኔ! አርግዣለሁ፤ ያንቺ!" አሉ። እትዬ ቀጥታ ወደ እጃቸው የመጣችውን ላባ ሳቷት። አሠልጣኞች እንደሚሉት በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ስሕተት አልሠሩም። ከዚያ ራኬታቸውን ከእህታቸው ራኬት አነካኩና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያች ነጥብ እስከ ግጥሚያው ፍጻሜ ከእትዬ አፍ "የኔ!" ከሚለው ቃል በቀር ሌላ አልወጣም። ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከግራም፣ ከቀኝም፣ "የኔ! የኔ! የኔ!" ሲሉ ሚጡ ሜዳው መሐል ራኬታቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው እንደ ታቦት ቆሙ። አሸነፉ። በማግስቱ ሁለቱም ከውድድር መሰናበታቸውን አስታወቁ።

ሜዳው ሲቀር ወሬው አብሮ ቀረ። እትዬ አባታቸው ይጠብቁት ወደነበረው አዳራሽ ተመልሰው እስከ ጡረታ ድረስ ወጣቶችን አሠለጠኑ። ስብሰባና ልምምድ ሲጋጭ እሳቸው በር ላይ ቆመው ለባለሥልጣኑ ሁሉ፣ "ንግግርዎ ከላባዋ ይረዝማል?" ይሉ ነበር። ሲውል ሲያድር ስብሰባው ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛወረ። አዳራሹ ዛሬ የስፖርት አዳራሽ የሆነው በአዋጅ ሳይሆን በእትዬ ነው። ያፈሯቸው ተጫዋቾች በአምስት አገር ክለቦች ተቀጥረዋል፤ ሁሉም ራኬት ያነካካሉ፣ አንዳቸውም "አንተ ነህ" ብለው አያውቁም። ልጃቸው ግን በአየር ትንበያ ተመረቀች። ነፋስን እድሜዋን ሙሉ ለማጥናት መወሰኗን ስትነግራቸው ትንሽ አስበው፣ "ጠላትን ማወቅ ጥሩ ነው" ብለው መረቋት። የሚጡን ልጅም እንደ ልጃቸው አሳድገዋል። ከቤት ቤት የሚላከው ሰላምታና ሳህን በእሱ እጅ ይመላለስ ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው በሐኪም ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው መጋቢት መጨረሻ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ንጹሕ አየር እንዲያገኙ አዝዞ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሚጡ ናቸው። ለማንም ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ሄደው መስኮቱን ዘጉት፤ ከዚያ ተቀመጡ።

"ማነው የከፈተው?" አሉ ሚጡ።

"ሐኪሙ ነዋ። እሱ ላባ የት ያውቃል።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ነበር። ሚጡ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ።

"እትዬ፣ ያቺ ላባ።"

"የቷ?"

"እያወቅሽው። አንቺን ሰምቼ እኮ አይደለም የተውኳት። ጉልበቴ ዝሎ ነበር። አልደርስባትም ብዬ ራኬቴን ያወረድኩት አንቺ ሳትጠሪ ነው። ከዚያ ነው ድምፅሽ የመጣው። እኔ ደግሞ አንቺ ነሽ አልኩሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ራኬትሽ ሲወርድ አየሁታ። ያ ሁሉ ሕዝብ 'በፍጻሜ ቆማ ቀረች' እንዳይልሽ ብዬ ነው ተያት ያልኩት። እኔ ጠርቼሽ እንደተውሻት ይመስላላ።"

ሚጡ የአልጋ ልብሱን ጫፍ ለቀቁት። "ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ዘጋሽ?" አሉ።

"አፌን ከከፈትኩ እውነቷ ታመልጠኛለች ብዬ። አንቺስ?"

"አኩርፈሽኛል ብዬ ነዋ።"

"እኔም እኮ ያኮረፍሽው አንቺ መስለሽኝ።"

በዚህ መሐል ወጣቱ ሐኪም ገብቶ "ኧረ እዚህ ቤት ታፈነ" እያለ መስኮቱን ሲከፍት፣ ሁለቱም እኩል "ዝጋው!" አሉት። ዘጋው። ሚጡ እጃቸውን ጨብጠው ዘረጉ፤ እትዬም የታመመ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና ጭብጣቸውን ከእህታቸው ጭብጥ ጋር አነካኩ። ያቺ አንዲት ነጥብ እንደ ሕጉ ተዘጋች። ከዚያ እትዬ ትራሳቸውን አመቻችተው፣ "ለነገሩ ውጪ ነበረች" አሉ።

"መስመሩን ነክታለች፣ እትዬ።"

"ውጪ ነበረች አልኩሽ።"

በቀሩት ሳምንታት ሚጡ ከአልጋው አጠገብ አልተለዩም። ነርሶቹ "በሽተኛዋ ይረፉ እንጂ" ብለው ቢለምኑም የሚሰማቸው አላገኙም። ስለ ላባዋ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲጨቃጨቁም ታይተው አይታወቁም።

እትዬ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና እህታቸው ባሉበት በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው መስኮታቸውን የሚጠብቁላቸውን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንድ የእህት ልጅ፣ ቁጥር ሥፍር የሌላቸው ተማሪዎችና ታናሽ እህታቸውን ሚጡን ትተዋል።

ከላይ የተነበበው ሁሉ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ያዘዙት፣ አሁን ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው የምታዩአቸው ሚጡ ራሳቸው ናቸው። "እትዬ ለዚያ ሁሉ ሰው 'እኔ ነኝ' ብላ ኖራለች፤ አሁን ተራው የኔ ነው፤ ያቺ ላባ የኔ ነበረች በሉልኝ" ብለውናል። ታዘናል። ይሁንና እትዬ ይህን ቢሰሙ ኖሮ እንደማይቀበሉት ስለምናውቅ፣ በጋሽ ፊሽካ ሕግ መሠረት ያቺ ላባ የሁለታቸው ተብላ እንድትመዘገብ ቤተሰቡ ወስኗል።

እትዬ፣ ፈጣሪ ነፍስዎን ነፋስ በማይገባበት፣ ተናጋሪ በማይበዛበት አዳራሽ ያሳርፍልን። አፈሩም እንደ ላባ ይቅለልዎ።